ከልጄ ጋር ብስኩት የጋገርንበት ክረምት

ከአረብ አገር ስመለስ ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷት ነበር። ስሄድ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ያሳደገቻት ታላቅ እህቴ ናት፤ መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ባለው ቤቷ፣ ከራሷ ልጆች ጋር። ልጄ እሷን «እማዬ» ትላታለች። እኔን የምትጠራበት ስም አልነበራትም። የሆነ ነገር ሲያስፈልጋት መጥታ አጠገቤ ትቆምና ዞር ብዬ እስካያት ትጠብቃለች።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ተከራየሁና ክረምቱን እኔ ጋ እንድታሳልፍ ከእህቴ ጋር ተስማማን። ልብሷን በፌስታል ይዛ መጣች። እህቴ ተሰናብታት ስትወርድ ልጄ አላለቀሰችም። በሩ ላይ ቆመችና «ጫማዬን የት እንደማደርግ ይነግሩኛል?» አለችኝ።

አንቱ አለችኝ። እህቴ ሰው አክባሪ አድርጋ ነው ያሳደገቻት። እንግዳ ሰው ደግሞ አንቱ ነው የሚባለው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲሁ አለፉ። ዝናቡ አያቋርጥም። የጎረቤት ልጆች ኮሪደሩ ላይ ሲሯሯጡ ድምፃቸውን ትሰማለች፤ ውጪና ተጫወቺ ስላት ግን «እዚሁ ይሻለኛል» ትላለች። ከበላች በኋላ ሳህኗን አጥባ፣ አመስግናኝ ትቀመጣለች። ከገዛ ልጄ ጋር ቀኑን በምን እንደምገፋው አላውቅም ነበር።

የማውቀው የሰው ልጆችን ነው። ስሠራበት በነበረው ቤት ሁለት ሴት ልጆች ነበሩ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከእኔ አይለዩም። ትንሿ በተለይ ቀሚሴን ይዛ ወደ ማድ ቤት ትጎትተኝና ብስኩት ካልጋገርን ትላለች። ቅንድቧ ሳይቀር ዱቄት እስኪሆን ታቦካለች። ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደምትፈራ፣ ሲያማት ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ጠዋት ልጄን «ብስኩት እንጋግር?» አልኳት።

«እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም» አለች።

«እኔ አሳይሻለሁ።»

ኦቨን የለኝም። ከጎን ያለችው ጎረቤቴ ዘዴውን ነገረችኝ፦ ወፍራም ድስት ውስጥ ጨው ታነጥፊያለሽ፣ ጨዉ ላይ የቆርቆሮ ሳህን ታስቀምጫለሽ፣ ከድነሽ ምድጃው ላይ ታግያለሽ። ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ የገበታ ቅቤውንና እንቁላሉን አቀረብኩ። ቀረፋም ጨመርኩበት። ሊጡን በጠርሙስ ዳምጠን በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርገን ቆረጥነው። ልጄ ብርጭቆውን ስትጫን ምላሷን በአፏ ጥግ ታወጣለች። እኔም መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ እንደዚያ ነው የማደርገው። ማንም አላስተማራትም። እንዳታፍርብኝ ዓይኔን መለስኩ።

የመጀመሪያው ዙር ከሥር አረረ። ሁለተኛው ጥሩ ወጣ። አንዱን አንስታ ቆረስ አደረገች፣ ብዙ አላመጠችው፣ የቀረውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

«ጠገብኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

ደረጃው ላይ ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩና ብስኩቱን እንዳልበላችው ነገርኳት።

«ምን አድርገሽበት ነው?» አለችኝ። «ቀረፋ አላስገባሽበትም?»

«አስገብቼበታለሁ።»

«ቀረፋማ አትወድም። ሻይ ውስጥ እንኳ ካለ አትቀምስም። አልነገርኩሽም?»

«አልነገርሽኝም።»

«እንግዲህ ረስቼው ነው።»

ስልኩን ዘጋሁት። ቀረፋ የምትወደው ያቺኛዋ ልጅ ነበረች። እጄ የለመደው የእሷን ነው።

በማግስቱ ሊጡን ከማቡካቴ በፊት «ምን ይግባበት?» ብዬ ጠየቅኋት። አሰበች። «ኦቾሎኒ ካለዎት» አለች። አልነበረኝም፤ ጃንጥላ ይዤ ሱቅ ወረድኩ። አንድ ላይ ፈልፍለን፣ ወቅጠን አስገባንበት። የዚያን ቀን አምስት በላች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ነገር እንሠራ ጀመር። ከአሮጌ ቀሚሴ ቁራጭ አሻንጉሊት ሰፋን፣ ፀጉሯን ከክር አደረግንላት። አንድ ቀን ደግሞ ከሱቅ የፓስታ ካርቶን ለምኜ አመጣሁና ቤት እንሥራ አልኳት። ሙጫውን ከዱቄትና ከውኃ አማሰልን። መስኮቱን እኔ በቢላ ቀደድኩላት፤ ሌላውን ሁሉ ራሷ ሠራችው። ከክብሪት ቀፎ አልጋዎች ሠርታ በተርታ ደረደረቻቸው። «ይኼ የእማዬ ነው፣ ይኼ የእኔ፣ እነዚህ የነሱ» አለች፤ የእህቴን ልጆች ማለቷ ነው። የእኔ የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ጣሪያው ትንሽ የተንጋደደ ስለመሰለኝ ላቃናው እጄን ሰደድኩ።

«አትንኪው፣ አልደረቀም!» አለች።

ሁለታችንም ቀጥ አልን። አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ፣ አይንኩት ለማለት ነው» አለች ቀስ ብላ።

ግድ የለም፣ አንቺ በይኝ ልላት ፈልጌ ነበር። ከአፌ አልወጣም። ስላዘዝኳት ብትለው ምን ይሆንልኛል ብዬ ይሆናል። ወይም ደግሞ አይ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ። «እሺ፣ አልነካውም» ብቻ አልኩ። ሙጫው እስኪደርቅ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። እስከ ክረምቱ መጨረሻ ከአንቱ ሌላ ከአፏ አልሰማሁም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እዚሁ ጀሞ ትምህርት ቤት ላስገባት አሰብኩ። ሄጄ አይቼ፣ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ሁሉ ጠይቄ ነበር። ማታ እራት ስንበላ ነገርኳት።

ጉርሻዋን ውጣ ጨረሰች። «እዚያው ብማር ደስ ይለኛል» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ ፊቴን አይታ ይመስለኛል፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እመጣለሁ፣ ከፈቀዱልኝ።»

«እፈቅዳለሁ እንጂ» አልኳት።

በታክሲ ወሰድኳት። የካርቶኑን ቤት ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰው እንዳይደፈጥጥባት በሁለት እጇ አቅፋው ሄደች። የእህቴ ልጆች በር ላይ ከበቧት፤ ወዲያው እያወራች ገባች። እንደዚያ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። እህቴ ምሳ በልተሽ ሂጂ ብትለኝ ሥራ አለብኝ አልኳት። ሥራ አልነበረኝም። ቤቴ ስገባ ጠረጴዛው ሥር የደረቀ ሊጥ ተጣብቆ አገኘሁ፤ በማንኪያ ፍቄ አነሳሁት።

ቅዳሜ አብዛኛውን ጊዜ ትመጣለች። ስትቀር እህቴ ደውላ ትነግረኛለች፤ የገዛሁትን ኦቾሎኒ ለጎረቤቴ እሰጣለሁ። ብቻዬን ልጋግር አንድ ሁለቴ ሞክሬ ነበር፤ ለአንድ ሰው ሲሆን እጅ አይታዘዝም።

ባለፈው ረቡዕ እህቴ ደወለች። ከኋላዋ ጫጫታ ይሰማል።

«ልጅሽ ቤቴን ዱቄት በዱቄት አደረገችው» አለችኝ እየሳቀች። «ሕፃናቱን ሰብስባ ከሊጥ ዶሮ ትሠራለች። ዓይኑን በምስር፣ ላባውን በመቀስ ነው የምታወጣው። አንቺ ነሽ ያሳየሻት?»

«አይ፣ እኔ አላሳየኋትም» አልኩ። የሊጥ ዶሮ ሠርቼ አላውቅም።

«ላገናኝሽ?»

«ተያት፣ እጇ ሊጥ ነው።»

ወጥ ሊያርርባት ነው መሰለኝ፣ እህቴ ስልኩን ሳትዘጋው የሆነ ቦታ አስቀመጠችው። ልጄ ክንፉን እንዴት እንደሚያያይዙት ለትንንሾቹ ስታስረዳ ይሰማኛል። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ አዳመጥኩ።