የስለቱ ልጅ አፍ

ሸጋዬ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ መካን ስትባል ኖራለች። ቡሬ ገበያ ስትወርድ እንኳ ከሴቶቹ መሀል አትቀመጥም፤ የልጆቻቸውን ወሬ መስማቱ አንጀቷን ይበላዋል። ባሏ ይታገሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እናቱና እህቶቹ ግን ሌላ አግባ እያሉ ጆሮውን ያደነቁሩት ነበር። በመጨረሻ ስንቋን ቋጥራ በእግሯ ግሽ ዓባይ ሄደች፤ ጸበሉን ተጠምቃ፣ «ወንድ ልጅ ከሰጠኸኝ ለመቅደስህ እሰጠዋለሁ፤ ሲቀድስም ቆሜ እሰማለሁ» ብላ ተሳለች። በዓመቱ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ ናሁሰናይ ተወለደ።

ክርስትና ከተነሣ ጀምሮ ይህ ልጅ ቅዳሴ አልቀረበትም። እሑድ በሉት፣ ሚካኤል በሉት፣ እናቱ አዝላው በሴቶች በኩል ትቆማለች። ችግሩ አለቃቀሱ ነው፤ አንዴ ከጀመረ የካህኑ ድምፅ እንኳ አይሰማም። አንድ እሑድ ታዲያ አንዲት ባልቴት ዞር ብለው፣ «የስለት ልጅ ነው ያልሽው? ሰው እንዳይጸልይ ነው እንዴ የተሳልሽው?» አሏት። ሸጋዬ አፈረች። ያች ቃል ከሆዷ አልወጣችም።

ለፋሲካ እህቷ ማሚቱ ከአዲስ አበባ መጣች። ሰው ቤት ትሠራ ስለነበር የከተማውን ነገር ታውቃለች፤ ለሕፃኑም የጎማ ጡት ይዛለት መጣች፣ ከተሜዎቹ የእንጀራ እናት የሚሏትን። ወተት የላት፣ ምን የላት፤ ልጁ አፉ ውስጥ ከትቶ ይምጋታል፣ ጸጥ ይላል። ሸጋዬ በክር አስራ ከማተቡ ጎን አንገቱ ላይ አንጠለጠለችለት። በማግሥቱ ቅዳሴው አልቆ «ሑሩ በሰላም» እስኪባል ድረስ ልጁ ትንፍሽ አላለም፤ ባልቴቷ ሳይቀሩ መረቋት።

እንግዲህ ፍረዱ። ምን ክፋት ታየበት?

ጡት ስታስጥለው እንደ ሰው ሁሉ እሬት ቀባች። ያችን ጎማ ግን እሬት መቀባት ቀርቶ፣ ስትጠፋ ቤቱን ታገለባብጣለች፤ ስታልቅ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሰው ልካ ሌላ ታስመጣለች። ልጁ ሦስት ዓመት ሞላው፣ አራት ሞላው። የዐቢይ ጾም ቅዳሴ ረጅም ነው፣ ልጅ ደግሞ ይሰለቻል። ቤትም ሲተኛ ያለሷ እንቅልፍ አይወስደውም። አምስት ዓመቱን ደፍኖ እንኳ ይምጋት ነበር።

«ኧረ ይሄ ጎረምሳ ሆኗል፤ ጣይለት» ይላታል ይታገሱ።

«ቤተ ክርስቲያን ዝም ይበልልኝ እንጅ ምን ይጎዳዋል?» ትለዋለች።

ሲስቅ ጥርሶቹ ከኋላ ገጥመው ከፊት ክፍት ናቸው፤ የላይኞቹ ወደ ውጭ ወጣ ብለዋል። ሸጋዬ ይህን ቁንጅና ነበር የምትለው። የወተት ጥርስ ነው፣ ሲነቀል አብሮ ይሄዳል ብላ ነገሩን ተወችው።

ስድስት ሊሞላው ሲል ራሱ ተዋትና ከየኔታ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ ንባብ ገባ። ልጁ ብሩህ ነው፣ አንዴ የሰማውን አይረሳም። አገሩ ሁሉ ለሚሌኒየሙ ሽር ጉድ በሚልበት ዓመት ዳዊት ጀመረ። የኔታ ሸጋዬን ያስጠሯት ያኔ ነው።

«ልጅሽን በአእምሮው የሚወዳደረው የለም» አሏት። «ሲያነብ ግን ምላሱ በጥርሱ መሀል ሾልካ ትወጣለች። ቃሉ ይኮላተፋል፤ ልጆቹም ይስቁበታል። መቅደስ ገብቶ ሕዝብ ቢስቅበትስ? ለዲቁና አላቀርበውም።»

«እርስዎ ከገሠጹት ይታረም ይሆናል እኮ፣ የኔታ።»

«ዓመት ሙሉ ገሠጽሁት። በአለንጋ የሚስተካከል አፍ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተስተካክሎ ነበር። እስቲ ለሐኪም አሳዩት።»

የመጣው ይምጣ ብላ ባሕር ዳር ወሰደችው። የጥርስ ሐኪሟ ሀኒ የምትባል ገና ወጣት ልጅ ናት፤ አፉን በመስተዋት አየችና፣ «ጣቱን ይጠባ ነበር? ወይስ የእንጀራ እናት?» ብላ ጠየቀች። ሸጋዬ ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻት። ሐኪሟም ረጋ ብላ አስረዳቻት። የሕፃን መንጋጋ ለጋ ነው፤ ቀን ከሌት ጎማ ሲገባበት የላይኛው ላንቃ ይጠብባል፣ የፊት ጥርስም ቦታውን ይለቃል። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቢተዋት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመለስ ነበር። አሁን ግን አዲሶቹ ጥርሶችም በዚያው ክፍተት እየበቀሉ ነው፤ ምላሱም መውጣት ለምዷል። የሚያቃና ሽቦ አለ፤ የሚታሰረው ግን አዲስ አበባ ነው፣ በየወሩ እየተመላለሱ፣ ለዓመታት።

«ዝም እንዲልልኝ ብዬ እኮ ነው» አለች ሸጋዬ። አዲስ አበባን በዕድሜዋ አይታው አታውቅም፤ በየወሩ መመላለሱንማ ማን ችሎት? ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንድም ሳይቀረው ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሸጋዬን ያየ ሰው ያዝንላታል። እህል አይበላላት፣ ሰው አታናግር። ልጇ ያለቀሰ እንደሆነ ምን ነበረበት? ከደጀ ሰላሙ ወጥታ፣ ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ ብታባብለው ምን ነበረበት? ለእግዜር ብላ ያደረገችው ነገር ለእግዜር የሰጠችውን አፍ አበላሸባት። ለማን አቤት ትበል?

በኅዳር ሚካኤል እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው አስቀደሱ። የእሱ እኩዮች መብራት ይዘው ከመቅደስ ሲወጡ ሸጋዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ እንባዋን እንዳያይባት ነው። ቤታቸው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ልጁ እጇን ያዝ አደረጋት። ቃላቱን ቀስ እያለ፣ እየተጠነቀቀ ነበር የሚያወጣቸው።

«እማ፣ ሌላ ልጅ ውለጅና ለስለቱ እሱን ስጭ።»

ሸጋዬ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የወር አበባዋ ከቆመ ከርሟል።

«እሽ» አለችው።