የአክስቴ ንፍፊቶች

አክስቴ ጎፋ ሰፈር ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ያሳደገችኝም እሷ ናት። ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ምግብ እንቢ አላት፤ የዋጠችውን ሁሉ ይመልሳት ጀመር። ቀሚሷ በሰፋት ቁጥር በመርፌ እያጠበብኩ አንድ ክረምት አለፈ። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ነጭ ፈሳሽ አጠጥተው ራጅ አነሷት። ጨጓራዋ ግርጌ ላይ ነቀርሳ ተገኘ።

ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ውጭ አገር ተምሮ በቅርቡ የተመለሰ ወጣት ነው። በሽታው ጨጓራዋ ዙሪያ ወዳሉት ንፍፊቶች፣ ፍሬ ወደሚያካክሉት ትንንሽ ዕጢዎች፣ ተዛምቶ እንደሆነ ማወቅ እንደሚፈልግ ነገረን። እሱ በተማረበት አገር ሲቲ ስካን የሚሉት ማሽን አለ፤ ሆድን ሳይከፍቱ ውስጡን እንደተቆረሰ ዳቦ በስስ በስሱ በፎቶ ያሳያል፤ ያበጠ ንፍፊት ካለ ይታያል። እኛ ጋ ግን የለም።

አክስቴ በጥሞና ሰማችውና፣ «ማሽኑ ካየ በኋላስ አይከፍቱም?» አለችው።

«ብዙ ጊዜ ይከፍታሉ፣ እማማ። ደግሞ ማሽኑም ይሳሳታል። ያበጠ ሁሉ በሽታ አለበት ማለት አይደለም፤ ትንሽ የሆነውም ሁሉ ደህና ነው አይባልም።»

«እንግዲያው ክፈተው» አለች።

ከፈተው። የጨጓራዋን እኩሌታ ከነንፍፊቶቹ አወጣ። ከዚያ ለብቻዬ ጠርቶ ሁለቱን እንደ ባቄላ አብጠው እንዳገኛቸው፣ ሁሉንም ለምርመራ እንደላካቸው ነገረኝ። ለእሷ ትንፍሽ አላልኩም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እጅጌ ገልብጬ እየሰፋሁ ከረምኩ፤ አጠገቤ የምትሠራው ሴት፣ አለቃችን ሳታይ፣ ስፌቱን ትፈታልኝ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ባቄላ ያከሉት ሳይቀሩ ሁሉም ንጹሕ ናቸው፤ ሁለቱን ያሳበጣቸው ጨጓራዋ ላይ የነበረው ቁስል ነው። እጁን ሳምኩት፤ ደነገጠ። በር ላይ የሚፈትሸውን ዘበኛ ደግሞ ጉንጩን ሳምኩት። «ጓዲት፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ልመልስለት ብል ሳቅ አላስወራ አለኝ። አውቶቡስ ውስጥም ብቻዬን ስስቅ ጎፋን አልፌ ኖሮ ላፍቶ ስደርስ ነቃሁ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ፣ በማሳው ዳር ጭቃውን እያቦካሁ በሩጫ ተመለስኩ።

አክስቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አጥሚት ትጠጣለች። እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ስንት እንደወጡ ጠየቀችኝ፤ አሥራ አንድ አልኳት።

«አንዱም በሽታ የለበትም?»

«አንዱም።»

አጥሚቱን አስቀመጠችና፣ «ታዲያ ምን አጥፍተው ነው ሐኪሙ የወሰደብኝ?» አለች።

መሬት ላይ ተዘርፍጬ ሳቅኩ። እሷም ስፌቷ እንዳይተረተር ሆዷን በትራስ ደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለቀበሌ ስብሰባ ልትጠራን የመጣች ጎረቤታችን ከበር ሆና ስታየን የምናለቅስ መስሏት እሪ አለች። ነገሩን ስንነግራት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ አጠገቤ ቁጭ አለች። የዚያን ቀን ስብሰባ ሦስታችንም ቀረን።

አክስቴ በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየበላች ወደ ቅቤዋ ተመለሰች። ደርግ ወድቆም ብዙ ዓመት ኖረች።