ለታሪክ ክላስ የቀዳነው ቴፕ

ባለፈው ሳምንት ከስካርቦሮ በአውቶቡስ ስመለስ ከሾፌሩ ጀርባ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። የኮሌጅ ማስታወቂያ ነው። አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት ጥርሳቸውን ገልጠው ይስቃሉ፤ ከሥራቸው በትልልቅ ፊደል «ታሪክዎን ያካፍሉን» ይላል። ኤዲያ! ገና በጠዋቱ ፊቴን አዙሬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ መንገዱ ያዞረኝ መስሏት መስኮቱን ልትከፍትልኝ ተነሳች። ደህና ነኝ አልኳት። ደህና ግን አልነበርኩም። ስንትና ስንት ዓመት ያለፈው ነገር እንደ አዲስ አንገሸገሸኝ።

ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ። በሱዳን አድርጌ ቶሮንቶ ከገባሁ ሁለተኛው ዊንተሬ ነው። ክሬሰንት ታውን ከሚገኙት ፎቆች በአንዱ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንድ አፓርትመንት ተከራይቼ እኖር ነበር። ቅዳሜና እሁድ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፤ በአዘቦት ኮሌጅ እማራለሁ። የምማረው ደግሞ ታሪክና ሂዩማኒቲስ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። «ነርሲንግ እያለልሽ ታሪክ? ታሪክ ይበላል እንዴ?» ያላለኝ ሐበሻ የለም። እኔ ግን አገሬ ላይ ያቋረጥኩትን ትምህርት ጨርሼ የታሪክ አስተማሪ የመሆን ምኞት ነበረኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

መምህራችን ድምፁ ለስላሳ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ኮት የሚለብስ ሰው ነው። መጀመሪያ ወድጄው ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ታሪክ የነገሥታት ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቶቻችሁም አያቶች ታሪክ አላቸው ሲል ዕንባዬ መጥቷል። ከዚያ አሳይመንት ሰጠን። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ከወገናችሁ አንድ ትልቅ ሰው ፈልጋችሁ፣ ሕይወታቸውን በቴፕ ቅዱ አለን። እኔ የደረሰኝ ሳምሶን ነበር፤ በክላሱ ውስጥ ያለው ሌላው ሐበሻ እሱ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ይፈስሳል፤ አስተማሪ ዓይን ውስጥ ለመግባት ደግሞ የማይፈነቅለው ድንጋይ የለም።

እማማ አስካለን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ደሴ በርበሬ ነግደው ልጅ ያሳደጉ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሊፍት ውስጥ ያገኙትን ፈረንጅ ሁሉ በአማርኛ ደህና አደርክ የሚሉ ሴት ናቸው። ጌታሁን የሚባል ወንድ ልጃቸው ካርቱም ሆኖ ቪዛ ይጠብቅ ነበር። ይጠብቅ ነበር እላለሁ እንጂ፣ ከዚያ የመጣ ሰው በወባ መሞቱን ነግሮን ነበር። እማማ ግን መርዶውን አልተረዱም። ደም ግፊት ጥሏቸው ሆስፒታል ከርመው መውጣታቸው ስለነበር፣ ቄሱና ትልልቆቹ ተማክረው፣ ሁዳዴ ይፈታ፣ ፋሲካ ይለፍ፣ ከዚያ ጠዋት በወጉ ሄደን እናረዳቸዋለን ብለዋል። ሴት ልጃቸው ጥቁር እንኳ መልበስ አልቻለችም። ባኞ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ነበር የምታለቅሰው።

የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ እንዴት ያምር ነበር! እማማ ስለ በርበሬ ገበያ፣ ስለ ቀረጥ ሰብሳቢ፣ ስለ ሠርጋቸው አወሩን። ሳምሶን ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና ለመምህሩ ወሰድንለት። አዳመጠና፣ «ጥሩ ነው» አለ፣ «ግን ሕመሙ የታል?»

እኔ ምን ማለቱ እንደሆነ ገና ሳስብ ሳምሶን አፈረጠው። ልጃቸው ሞቷል፣ እሳቸው ግን አያውቁም አለው። የመምህሩ ፊት በራ። ሰው ሞተ ሲባል ፊቱ የሚበራ ሰው ያን ቀን ነው ያየሁት። ወንበሩን ወደኛ ሳብ አድርጎ፣ እኔም አብሬያችሁ መጥቼ ልጠይቃቸው አለ። መርዶ በኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር፣ ለምን እንደተጠበቀ እየተንተባተብኩ አስረዳሁት። «ግሩም ባህል ነው» ብሎ ጻፈው! አልነግራቸውም፣ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቃቸው ብሎም ማለልኝ።

ስንወጣ ሳምሶንን ያዝኩት። «አንተ፣ ምን ነክቶህ ነው?»

«ምን ችግር አለው? አይነግራቸውም እኮ። ለማርካችን ብዬ ነው።»

ለማርካችን! እምቢ ብል ሁለቱ ያለኔ እንደሚሄዱ ገባኝ። ስለዚህ አብሬ ሄድኩ፤ ቢያንስ በመሀል እቆማለሁ ብዬ።

የመጋቢት ከሰዓት ነበር። ስኖው ቀልጦ ከመኪና ጭቃ ጋር ተቦክቷል፣ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ጫማችንን አመድ አስመስሎታል። የዚህ አገር መጋቢት ከሁሉ ወር ያስጠላኛል፤ ስር የከረመው ቆሻሻ ሁሉ የሚወጣበት ነው። የእማማ ቤት ግን ኮሪደሩ ድረስ ድፎ ዳቦ ድፎ ዳቦ ይሸታል። የልጆቹ አስተማሪ ይመጣል ተብለው ጋግረው ጠበቁን። ሰውየው ሻዩን እየጠጣ፣ ዳቦውን ደጋግሞ እየቆረሰ በላ። ከዚያ አፉን ጠርጎ ቴፑን አስነሳና ወደኔ ዞረ። ልጅዎ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይሉታል ብለሽ ጠይቂልኝ አለኝ።

ያን ያህል ዳቦአቸውን በልቶ! መሞቱን ሳያውቁ ሲመልሱለት ሊያይ እኮ ነው። ፊታቸውን።

«እማማ» አልኩ፣ «ዳቦው እንዴት እንዲህ ጣፈጠ ይላል።»

«አይ ልጄ፣ ምኑ ጣፈጠ! እዚህ አገር ኮባ ከየት ይመጣል? በፎይል ነው የጋገርኩት በይው። ሽታው እንኳ እንደ አገሩ አይደለም፤ ግን ምን ይደረግ፣ ባለው ነው» አሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። ሰውየው ስለ ልጃቸው የሚናገሩ መስሎት ዓይኑን ዕንባ ሞላው። ራሱን በሐዘን ይነቀንቃል። ስለ ፎይል! ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ሳምሶን ግን ዝም አላለም። «እንደሱ አይደለም ያለው እማማ። ጌታሁን ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይሉታል ነው የሚለው።»

እማማ እንደ ልጅ ፈነደቁ። «ምን እለዋለሁ! አፌ መች ይፈታል ያን ለት» ብለው ተነሱና ከቁም ሳጥን አንድ ትልቅ የብርድ ኮት አወጡ። «ይኸውላችሁ። ኤርፖርት ድረስ ይዤለት እሄዳለሁ። ብርዱ ሳይነካው እዚያው አለብሰዋለሁ።»

ሰውየው ካሜራ አወጣ። «ኮቱን ደረታቸው ላይ አስጠግተው እንዲይዙት ንገሪያቸው» አለኝ በሹክሹክታ። ሳልተረጉምለት ስቀር በእጁ ምልክት አሳያቸው፤ እሳቸውም የልጃቸውን ኮት አቅፈው ፈገግ አሉለት። ቀጭ አደረገው።

በቃ፣ ከዚያ በኋላ አልቻልኩም። ካሴቱን ከቴፑ መንጭቄ ወጣሁና ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለውን የቆሻሻ መጣያ ከፍቼ ወረወርኩት። በቱቦው እየተንኳኳ እስከ ምድር ቤት ሲወርድ ተሰማኝ። ሳምሶን ተከትሎኝ «አብደሻል? ማርካችንን እኮ ነው የጣልሽው!» እያለ ይጮኻል። መምህሩም ወጥቶ ያ የታሪክ ሰነድ ነበር አለኝ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

«ሂዱልኝ!» አልኩ። «ሁለታችሁም ከዓይኔ ጥፉ!»

ሲሄዱ ዕንባዬን ጠርጌ ተመለስኩ። እማማ ኮቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው ያጣላችሁ?»

«ምንም እማማ። የትምህርት ጉዳይ ነው።»

አዩኝ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ የኮቱን እጅጌ ወደ ውስጥ መልሰው፣ ቀስ ብለው አጠፉት።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «እኔ ስንቱን መርዶ ይዤ የሰው በር አንኳክቼ የማውቅ ሴት ነኝ። ፊት አውቃለሁ።»

አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «ተዪ! አንቺ እንዳትነግሪኝ። ሂጂና ለትልልቆቹ ንገሪያቸው፤ ጠዋት ይምጡ፣ በወጉ። ልጄም አሁን ከሥራ ትመጣለች። ደክሟት ነው የምትመጣው፤ ዛሬ ራቷን ላብላት።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከቄሱና ከትልልቆቹ ጋር ወጣን። ለማንኳኳት እጅ ሲነሳ በሩ ተከፈተ። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ቤቱን ጠርገው፣ ወንበሮቹን በግድግዳው ዙሪያ ደርድረው ይጠብቁን ነበር። ልጃቸው ከኋላቸው በሌሊት ልብሷ ቆማለች። ቄሱ እስኪጨርሱ እማማ ቆመው ሰሙ። ከዚያ የጮኹት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጎረቤቶቹ ደንግጠው የሕንፃውን ጠባቂ ጠሩ።

ከፋሲካ በኋላ ኮሌጅ ስገባ መግቢያው ግድግዳ ላይ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አየሁ። እማማ አስካለ ኮቱን አቅፈው ፈገግ ብለዋል። ከሥሩ የመምህሩ ስምና «መጠበቅ» የሚል ርዕስ አለ። ተማሪዎች ሳንድዊች እየገመጡ ቆም ይላሉ፣ «እንዴት ያሳዝናል» ብለው ያልፋሉ። ሳምሶን አንደኛ ወጥቷል። ፎቶውን ከነመስቀያው አወረድኩ፣ ኮቴ ውስጥ ከተትኩ፣ ወጣሁ። ዳግም አልተመለስኩም። ማንም አልጠየቀኝም።

የታሪክ አስተማሪ ሳልሆን ቀረሁ። የአረጋውያን ቤት ሠራተኛ ሆኜ ነው ያረጀሁት። አንዳንዴ ይቆጨኛል፤ መጽሐፍ አሁንም እወዳለሁ። የዚያን ሰው ለስላሳ ድምፅ ሳስታውስ ግን ቱ ብዬ መትፋት ያምረኛል። የሰውን ሐዘን ከባለቤቱ ቀድሞ መቅመስ ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ዛሬ ደግሞ ብሶበታል፤ ሰው የወንድሙን ሞት ከስልክ ላይ፣ ከሻማ ሥዕል ጋር ያነባል።

ትላንት ፓርክዴል ያለች አንዲት ልጅ እናቷ አገር ቤት እንዳረፉባት ሰማን። የዘመዶቿ ልጆች ቴክስት እናድርግላት ወይስ ኮል እናድርግ ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱንም አታደርጉም አልኳቸው። ነገ ገና ሳይነጋ እንሄዳለን፤ በሩን የማንኳኳው እኔ ነኝ።