ሆን ብዬ ያወሳሰብሁት ጥያቄ

ይህን ለሚስቴም ለፓስተራችንም ነግሬ አላውቅም። ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን ዞሬ አልፈዋለሁ። ለእናንተ ግን ልናገር።

እኔ ኩሩ ሰው ነኝ። ሕግ ተምሬአለሁ፤ ጆሃንስበርግ ቢሮ እሠራለሁ፤ የዕድራችንም ጸሐፊ ነበርሁ። አባሎቻችን አብዛኞቹ ከሆሳዕናና ከዱራሜ መጥተው በየድሃ ሰፈሩ ስፓዛ የሚባለውን ትንሽ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ደንባችን፣ አባል ሲሞት አስከሬኑ ወደ ኢትዮጵያ ይላካል ይል ነበር። በኮሮና ጊዜ በረራው ሲዘጋ ሲከፈት፣ ወረቀት ይዤ ከቢሮ ቢሮ የምንከራተተው እኔ ነበርሁ። ሰለቸኝ። ደንቡ እንዲቀር ፈለግሁ። በግልጽ ብጠይቃቸው እንቢ እንደሚሉኝም አውቅ ነበር።

መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር ድምፅ የሚሰጠው በዋትስአፕ ሆነ። ጥያቄውን እኔ ጻፍሁ፦ «አስከሬን ወደ አገር ቤት እንዲላክ የሚያስገድደው አንቀጽ ተፈጻሚነቱ እንዳይቀጥል የሚከለክል ምክንያት ባለመኖሩ ይስማማሉ?»

ሰው «እንዲላክ» የሚለውን አየ፤ «ይስማማሉ» የሚለውን አየ፤ «አዎ» አለ። «አዎ» ማለት ግን ደንቡ ይሻር ማለት ነበር። ተሳስቼ ነው? አይደለም። እያወቅሁ ጻፍሁት።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ከከተማው ዳር፣ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ሱቅ ያላት የእህት ዘነበች ባል በስኳር ሕመም ሞተ። ደወለችልኝ።

«ወንድም ዳንኤል፣ መቼ ነው የሚሄደው? እናቱ እየጠበቀች ነው።»

«እህቴ፣ ደንቡ እኮ ተሽሯል። አንቺም አዎ ብለሻል።»

 «እኔ አዎ ያልኩት ይላክ ብዬ ነው» አለች።

በሦስተኛው ቀን እዚሁ ቀበርነው። እናቱ ቀብሩን ከኢትዮጵያ በስልክ አየች።

በዚያው ሳምንት ለኮሚቴው «ጥያቄው ከብዷል፤ በቀላል ቋንቋ ይደገም» አልሁ። ለምን እንደከበደ አልተናገርሁም። አዲሱን ጥያቄ ይዤ ወደ ዘነበች ሄድሁ፤ ማስኬን እንዳደረግሁ፣ ከሱቋ ፍርግርግ ውጭ ቆሜ አነበብሁላት።

«አገር ቤት የትኛው ነው?» አለችኝ። «ልጆቼ እዚህ ነው የተወለዱት። ኢትዮጵያ በል።»

«አንቀጽ የሚለውስ?»

«አውጣው። ሰው ሲሞት ምን እናድርግ ብለህ ጠይቅ።»

ዳቦ ለጠየቃት ደንበኛ በዙሉ መልሳ እንደገና ወደ እኔ ዞረች። አብረን ጨረስነው፦ «አባል ሲሞት ሬሳው ወደ ኢትዮጵያ ይላክ ወይስ እዚህ ይቀበር? ይላክ የሚል 1፣ ይቀበር የሚል 2 ይጻፍ።» በሀዲይኛና በከምባትኛም በድምፅ ተቀርጾ ተላከ።

ምን ማለት ነው ብሎ የደወለልኝ የለም። በስብሰባ ተናግረው የማያውቁ ሴቶች ሁሉ ድምፅ ሰጡ። «ይላክ» አሸነፈ። እኔ ተሸነፍሁ፤ ግን እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ዛሬም እኮራለሁ! ሌሎች ዕድሮች ድምፅ ሊያሰጡ ሲሉ እኔን ይጠራሉ፤ «ዳንኤል የጻፈው ለሁሉም ይገባል» ይላሉ። አንድ ሰው እንኳ ካልገባው እንደገና እጽፋለሁ። ይህ ኩራት ውሸት አይደለም።

ውሸቱ የፊተኛው ጥያቄ ነው። «መማሩ ነው ያወሳሰበው» እያሉ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዘነበች በጉባኤ ፊት ቆማ፣ «ወንድም ዳንኤል እንዲገባን አድርጎ ጻፈልን፤ ተባረክ» አለች። እኔም አሜን አልሁ። እንዴት አፌ እሺ አለኝ?

ሰልችቶኝ ነበር ብል ምክንያት ይሆነኛል? ኮሮና ነበር ብልስ? ባሏ በሞተበት ሳምንት በረራ ነበር፤ መላክ ይቻል ነበር። እናቱ ልጇን በአፈሯ ሳትቀብር የቀረችው በእኔ ነው። እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። እሁድ አይቮሪ ፓርክ እሄዳለሁ። ዘነበችን፣ «አንቺ አልተሳሳትሽም፤ ሆን ብዬ አታለልሁሽ» እላታለሁ።