አንድ የደረቀ ቅርፊት

ዛሬ ጠዋት ዓሣ ሳጸዳ አንድ ቅርፊት ክንዴ ላይ ተለጥፎ ደረቀ። በጥፍሬ ሳነሳው ልቤ ድንግጥ አለ። ይኼ ሁሉ ዘመን አልፎም አይለቀኝም።

ያን ጊዜ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ጎንደር ወንድሜ ቤት ተቀምጬ ትምህርት ከጀመርሁ ሦስት ወሬ ነበር። እናቴ ከአገራችን ከድብ ባሕር በጭነት ማኪና የመጣችው ቤቱን አይታ ልትቆርጥ ነው፤ ወይ ትተወኛለች፣ ወይ በማግስቱ ይዛኝ ትመለሳለች። ከተማ የገባ ሰው ሃይማኖቱን ይረሳል የሚል ፍራቻ ነበራት።

የወንድሜ ሚስት ልጅ ሳለች አንድ ጣሊያን ቤት ሳህን እያጠበች ፓስታ መሥራት ተምራለች። ለአማቷ የምትችለውን ልታቀርብ ብላ፣ በማለዳ ከጎርጎራ የመጣ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ገዛች። ቅርፊቱን ራሷ ፋቀች፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለየች፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም በኑግ ዘይት አቁላልታ ዓሣውን ጨመረችበት። ሽታው ግቢውን ሞላው። እኔ ደግሞ ቤቱ ጸድቶ እንዲታይልኝ ብዬ ቅርፊቱንም ጭንቅላቱንም ጠራርጌ ገደል ጣልሁት። ጉብዝናዬ ጉድ ሊሠራኝ ነው።

ፓስታው ሲቀርብ እናቴ እጇን ሰበሰበች።

«ቅርፊት ነበረው?»

ቅርፊት የሌለውን ዓሣ፣ አምባዛን፣ የእኛ ሰው አይበላም። ተከትፎ ወጥ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ማን ይለየዋል?

«ነበረው፣ እማማ። ቀረሶ ነው» አለች የወንድሜ ሚስት።

«እስቲ አሳይኝ።»

ወንድሜ አቀረቀረ። እኔ ወደ ገደሉ ሮጥሁ፤ ውሾች ቀድመውኛል። ስመለስ ጓሮ የመክተፊያው እንጨት ጠርዝ ላይ ካለፈው ሳምንት ዓሣ የቀረ፣ የደረቀ ቅርፊት አየሁ። ፈልቅቄ እናቴ መዳፍ ላይ አኖርሁትና «ይኸው የዛሬው» አልሁ። ዓይኗን ማየት አልቻልሁም።

ምግቡ እየቀዘቀዘ ነበር። ዝም ብትል የወንድሜ ሚስት ትድን ነበር፤ እኔም እድን ነበር።

«እማማ፣ ይህ የባለፈው ሳምንት ነው» አለች። «የዛሬው ተጥሏል። የማሳይዎት የለኝም።»

እናቴ ቅርፊቱን በጣቶቿ አገላበጠችው። እሷን አየች፣ እኔን አየች። ሰማዩ የተደፋብኝ መሰለኝ። ከዚያ ቅርፊቱን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና አማተበች፤ ፓስታውን በእጇ ጠቅልላ ጎረሰች።

«ምነው ቆማችሁ? ብሉ እንጂ።»

በማግስቱ ማኪናው አጠገብ ጆሮዬን ይዛ ሳብ አደረገችኝ። «ፊደሉን እዚያ ትምህርት ቤትሽ ታገኚዋለሽ» አለችኝ። «ይችን ግን ከወንድምሽ ሚስት ተማሪ።» ብቻዋን ተሳፈረች።

የወንድሜን ሚስት አምና ቀበርናት። ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ስለዚያ ቅርፊት አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብትጠይቀኝ ለአንቺ ብዬ ነው የዋሸሁት ልላት ተዘጋጅቼ ነበር። ለእሷ ግን አልነበረም፤ ለራሴ ነበር። ይህንንም የምታውቅ ይመስለኛል።