ስሙ ያልተገኘው ግሪክ

ፊደል ለቃሚው በሠላሳ አንድ ዓመት የማተሚያ ቤት ኑሮው የራሱን ሐሳብ ያሳተመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በሌላ ሰው ስም። ሥራው የእርሳስ ፊደላትን ከሳጥን እየለቀመ መደርደር ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል በጣቱ ሲያልፍ ይውልና፣ ቤቱ ሲገባ አፉን ከምግብ በቀር ለሌላ ነገር ብዙም አይከፍትም።

ማተሚያ ቤቱ በየዓመቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በየቀኑ አንድ ቅጠል የሚቀደድለት የቀን መቁጠሪያ ያወጣል። በየቅጠሉ ጀርባ የግሪክ ጠቢባን አባባል አለ፤ የሚያሰባስቡትም አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የፊደል ለቃሚው ሚስት እነዚህን ግሪኮች እንደ ዘመድ ነው የምታያቸው። ጠዋት ጠዋት ቅጠሏን ቀድዳ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ግሪኩ ያለው ሁሉ የዚያን ቀን የቤቱ ሕግ ይሆናል። አንድ ቀን አንዱ ግሪክ ትንሽ መብላት ደግ ነው ብሎ፣ ቤተሰቡ እስከ ማታ ሆዱ ሲጮህ ዋለ።

ይህችው ሴት ከታላቅ እህቷ ጋር ከተኳረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። እናታቸው ሲሞቱ እህትየው የስፌት መኪናቸውን ሳታስፈቅድ ወሰደች። ልብ በሉ፣ ከሁለቱ አንዳቸውም መስፋት አይችሉም። መንገድ ላይ ፊት ለፊት ከመጡ አንደኛዋ ምንም የማትገዛበት ሱቅ ትገባለች። ባልየው ስንት ጊዜ፣ "እስቲ የተጣላችሁበትን ለልጆቹ ንገሪያቸው። ለመንገር ካፈርሽ ሂጂና ታረቂ" ብሏታል። መልሷ፣ "አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ!" ነው። እህትየው የልብ ሕመም እንደያዛት፣ ደረጃ መውጣትም እንዳቃታት ሲሰማ ነገሩ ያስፈራው ጀመር።

በዚያው ሰሞን የሚታተመው የመጪው ዓመት መቁጠሪያ ነበር። ዓመቱ በአንድ ቀን ይረዝማል፤ አስተማሪው ግን ዘንግተውት ሦስት መቶ ስድሳ አምስት አባባል ብቻ ላኩ። የመጨረሻው ቅጠል ጀርባ ባዶውን ቀረ። እሳቸው ለሽርሽር ሄደዋል፤ አለቃው "ቶሎ በል እንጂ!" እያለ አናቱ ላይ ቆሟል። ፊደል ለቃሚው ግራ ቀኙን አየና ጣቱን ወደ ሳጥኑ ሰደደ።

"የተጣላህበትን ምክንያት ለልጅ ለመንገር ካፈርክ፣ ሂድና ታረቅ። አንድ የግሪክ ጠቢብ።"

"የትኛው ጠቢብ ነው?" አለ አለቃው።

"ስሙ አልተገኘም።"

"በል ይታተም።"

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። መቁጠሪያው ግድግዳው ላይ በየቀኑ ሲሳሳ እያየ፣ እህትየው እስከዚያ ትቆይ ይሆን እያለ ዓመቱን ጨረሰው። በመጨረሻው ጠዋት ሚስቱ ቅጠሏን ቀደደች፤ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታነብ ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

"አየህ፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው!" አለች። "አንተ በዕድሜህ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ተናግረህ ታውቃለህ?"

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሻዩን ፉት አለበት።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለ።

ሚስቱ ኮቷን ደርባ ወጣች። የተመለሰችው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዓይኗ አብጧል፣ ፊቷ ግን ይስቃል። እህትየው "መኪናውን ውሰጂው" ብትላት፣ "ምን ልሰፋበት!" ብላ ሁለቱም በሳቅ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አራት ወር ሚስቱ የእህቷን ቤት ደረጃ ያልወጣችበት ቀን አልነበረም። ባልየው አንዳንዴ ልንገራት ይልና፣ ያቺ "ምን ታውቃለህ" ትዝ ስትለው ይተወዋል።

እህትየው የሞተችው በአሥራ አምስተኛው ወር ነው። ከቀብር ሲመለሱ ሚስቱ ቦርሳዋን ከፍታ፣ ከመታጠፍ ብዛት መሃሏ የተሰነጠቀች ቅጠል አወጣች።

"ይሄ ግሪክ ባይኖር ኖሮ፣ እህቴ እንደተኳረፍን ትሞትብኝ ነበር" አለች። "ማንም ይሁን ማን፣ ነፍሱን በገነት ያኑርልኝ!"

ባልየው አጠገቧ ተቀመጠ። እጇን ያዘና፣

"አሜን" አለ።