ከወልድያ የገባችው ተማሪ

ወልድያ የጀመርኩትን የመምህርነት ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ወደ ኤምሬትስ፣ አል ዐይን ከተማ ስመጣ፣ ልጄ ጡት ከጣለች ገና ወሯ ነበር። እህቴ ዘንድ ተውኳት። አል ጃሂሊ ምሽግ አጠገብ ባለ ቤት የአሠሪዬን የማዳምን ልጆች ሳሳድግ ስድስት ዓመት አለፈ። የስልክ የቪዲዮ ጥሪ እዚህ ስለሚዘጋ ከልጄ ጋር የምንገናኘው በድምፅ መልእክት ነው።

በእረፍቴ እሑድ አውቶቡስ ይዤ አቡ ዳቢ፣ አል ሙሽሪፍ ሰፈር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እዚያ ለልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩ ጡረተኛ መምህርት አሉ። የኮሌጁን ነገር ሳጫውታቸው፣

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ተለማመጂ» አሉኝ።

የመጀመሪያ ቀኔ አሳፋሪ ነበር። ልጆቹ እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ ሰሌዳው ላይ «ሀ ሁ» ስጽፍ አንዷ ጠረጴዛው ላይ ተኛች።

በሚቀጥለው እሑድ መምህርቷ ከፕሮጀክተር ጋር የተያያዘ ታብሌት ሰጡኝ። «የእኔ ዐይን እምቢ ብሏል፤ አንቺ ሞክሪው።»

የማዳምን ልጆች ታብሌት ከመወልወል በቀር ነክቼ አላውቅም። በጣቴ «ለ»ን ስጽፍ ግድግዳው ላይ ገዝፋ ታየች። ልጆቹ ተንጫጩ፤ ሁሉም ካልጻፍኩ አለ። የስልክ ጥሪው ቢዘጋም፣ በዚህ የመማሪያ ፕሮግራም ሌላ አገር ያለ ተማሪም በምስል ገብቶ አብሮ መማር እንደሚችል ያን ቀን አወቅኩ።

«ከኢትዮጵያም ይገባል?» አልኳቸው።

መምህርቷ ፊቴን አዩት። «ልጅሽን ነው? አስገቢያት እንጂ!»

ከሁለት ሳምንት በኋላ እህቴ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ፈልጋ ስልኩን ደገነችላት፤ ልጄ ግድግዳው ላይ መጣች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ማንም አልነገረኝም።

«ቲቸር፣ ማናት?» አሉኝ ልጆቹ።

«አዲስ ተማሪ ናት» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

ልጄ ከ«ለ» እስከ «ሎ» ሳትሳሳት ጠራች፤ ልጆቹ ተከተሏት። ስትጨርስ እንደነሱ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ልጠይቅ?»

«ጠይቂ።»

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ኮንትራቴ ሲያልቅ» አልኳት። ገና ባለፈው ወር ለሁለት ዓመት መፈረሜን ግን ደበቅኳት።

በሌላው እሑድ አዲሷ ተማሪ ልጄ መሆኗን ለክፍሉ ተናገርኩ። መምህርቷ አጨበጨቡ፤ ልጆቹም ተከተሉ። ልጄ ግን አፍራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ለረጅም ጊዜ ግድግዳው ላይ የሚታዩኝ ጣቶቿ ብቻ ነበሩ። ረዝመዋል።